ለእንስሳት ስለሚገባው ርኅራኄ፤ ይልቁንም አርጅቶ ስለ ታመመው የቤት ጠባቂ

ለንስሓ አባቶች ከሚቀርቡት ጥያቄዎች መካከል አንዳንዶቹ ገና ሲሰሙ ቀላል መስለው ይታያሉ፤ ሲመረመሩ ግን ሥራቸው ከትምህርተ ሃይማኖት መሠረት ድረስ የሚወርድ ሆኖ ይገኛል። ከእነዚህ አንዱ በከተማችን በአዲስ አበባ፥ ይልቁንም በቦሌና ከቦሌ ወደ ምሥራቅ በተዘረጉት ሰፈሮች የሚነሣው ነው። «አባቴ፥ ዐሥር ዓመት ሙሉ ቤታችንን የጠበቀው ውሻ አርጅቶ በሕመም ይማቅቃል። ሐኪሙ በመርፌ ይረፍ ይለናል። ብንፈቅድ ኀጢአት ይሆንብናል?» ይላል ጠያቂው። ካህኑም «ልጄ፥ ስለ ነፍስህ አስብ፤ የውሻ ነገር ምን ያስጨንቅሃል?» ብሎ ሊያሰናብተው ይችላል። እኛ ግን ጥያቄው በዚህ መልስ የሚዘጋ አይመስለንም። እንዲህ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ኅሊናው የነቃ ሰው ነው፤ የነቃውን ኅሊና መልሶ ማስተኛት ደግሞ የመምህር ሥራ አይደለም።

ጥያቄው በዚህ የከተማ ክፍል ለምን እንደሚነሣ ለማወቅ አሳብን ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ ይበቃል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. የአውሮፕላን ማረፊያው ከልደታ ወደ ቦሌ ሳይዛወር በፊት አገሩ የእርሻና የግጦሽ መሬት ነበር። ከዚያ በኋላ በቅጥር የታጠሩ ቪላዎች ተሠሩ፤ ከተማውም እየሰፋ ገርጂን፥ ሲ.ኤም.ሲ.ን፥ ሰሚትንና አያትን አልፎ ወደ የረር አቅጣጫ ገሠገሠ። ቅጥር ባለበት የብረት በር አለ፤ የብረት በር ባለበት ዘበኛ አለ፤ ዘበኛ ባለበትም ብዙ ጊዜ ውሻ አለ። በየካና በኮተቤ ጥግ ጅብ ዛሬም ሌሊት ይጮኻል፤ የሌሊቱን ጥበቃ ከዘበኛው ጋር እኩል የሚካፈለው ይህ እንስሳ ነው። «ውሻ በበላበት ይጮኻል» የሚለው ብሂል ሥራውን በአጭር ቃል ይገልጸዋል። ዕድሜው ግን አጭር ነው። ግዙፍ የሆነው ዝርያ ከ8 እስከ 10 ዓመት ሲሞላው ሸምግሏል፤ ትንሹ ዝርያ 12 ወይም 15 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ቡችላ ሳለ አብረውት የቦረቁት የቤቱ ልጆች ገና ትምህርታቸውን ሳይጨርሱ እርሱ ዐይኑ ይፈዛል፥ ጆሮው ይደነቍራል፥ የኋላ እግሮቹም ይከዱታል።

በመጽሐፍ ቅዱስ የውሻ ስም ብዙ ጊዜ በነቀፌታ ይነሣል። ወደ ትፋቱ የሚመለስ ተብሎ የሰነፍ ምሳሌ ሆኗል፤ ዋጋው መባ ሆኖ ወደ እግዚአብሔር ቤት እንዳይገባ በኦሪት ዘዳግም ተከልክሏል፤ በዮሐንስ ራእይም ከቅድስቲቱ ከተማ ውጭ ከሚቀሩት ጋር ስሙ ተጠርቷል። እኛም ወደ ቤተ መቅደስ እንዳይገባ በር እንጠብቃለን። ይህን ብቻ ይዞ ውሻ ርኅራኄ የማይገባው ፍጥረት ነው የሚል ሰው ግን ከመጽሐፉ ግማሹን አላነበበም። ጦብያ ከመልአኩ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር መንገድ ሲጀምር የተከተለው ውሻው ነበር፤ ወደ ዐይነ ስውሩ አባቱ ሲመለስም ከኋላቸው ነበር። ባለጠጋው ዘወር ብሎ ያላየውን የአልዓዛርን ቍስል ለመላስ የመጡት ውሾች ናቸው። ከነዓናዊቱ ሴት ስለ ውሾችና ስለ ፍርፋሪ በተናገረችው ቃል ጌታችን እምነቷን አመስግኗል፤ የልጅዋንም ጤና ሰጥቷታል። ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያም ስለ ስድስቱ ቀናት ፍጥረት ባስተማረው ትምህርት ውሻ ለጌታው ያለውን ታማኝነት ጠቅሶ፥ ውለታ የሚረሱ ሰዎች በዚህ እንስሳ ሊያፍሩ እንደሚገባ ተናግሯል። እንግዲህ ነቀፌታው ለሰው ጠባይ የተሰጠ ምሳሌ እንጂ በፍጥረቱ ላይ የተወሰነ ፍርድ አይደለም።

መምህሮቻችን በሥነ ፍጥረት ትምህርት እንደሚያስረዱት፥ በዕለተ ዓርብ ከምድር የተገኙት እንስሳት በደመ ነፍስ ሕያዋን ናቸው። በዚያው ዕለት በእግዚአብሔር አርአያና አምሳል የተፈጠረው የአዳም ነፍስ ግን ለባዊት፥ ነባቢትና ሕያዊት ናት፤ ታስባለች፥ ትናገራለች፥ ከሥጋ ተለይታም ትኖራለች። እንስሳው ትእዛዝ አልተሰጠውም፤ ስለዚህም ኀጢአት የለበትም፥ ንስሓ የለውም፥ በፍርድ ቀንም አይጠየቅም። ይህ በሃይማኖታችን የታወቀ ነው።

ከዚህ ትምህርት ተነሥተው አንዳንዶች «እንኪያስ የእንስሳ ሥቃይ ከቍም ነገር አይገባም» ይላሉ። እኛ ከዚያው ትምህርት ተቃራኒውን እንረዳለን። ሰው በዚህ ዓለም ያለ በደሉ ቢሠቃይ በሚመጣው ዓለም የሚካስበት ተስፋ አለው፤ ኢዮብ ታግሦ ተባረከ፥ አልዓዛርም በአብርሃም እቅፍ ተጽናና። የሰው ሕመም በትዕግሥት ከተቀበሉት አክሊል ሊሆን ይችላል። ለእንስሳው ግን እንዲህ ያለ ተስፋ አልተነገረለትም። ለምን እንደሚታመም አያውቅም፤ ሕመሙን ለማን ብሎ እንደሚታገሥ አይረዳም፤ ነገ እንደሚሻለው ተነግሮት አይጽናናም። የዛሬው ሕመም ለእርሱ ሁለንተናው ነው። እንግዲህ ሌላ ካሳ ያልተነገረለት ፍጥረት በዚህ ዓለም ከምናደርግለት ወይም ከምናደርግበት በቀር ምን ይቀርለታል? ይህን ያስተዋለ ሰው የእንስሳ ነፍስ በደሙ የምታበቃ መሆኗ ሸክሙን እንደማያቀልለት፥ እንዲያውም እንደሚያከብድበት ይገባዋል።

ለአዳም በምድር እንስሳት ላይ ሥልጣን ተሰጥቶታል። ሥልጣኑን አስቀድሞ የሠራበት ግን ስም በማውጣት ነው፤ ስም ለማውጣት ደግሞ ቀርቦ ማየትና ጠባይን ማወቅ ያስፈልጋል። ከዚያ በኋላ የተሰጠው ሕግ ሁሉ ይህን ሥልጣን ወሰን ያበጅለታል። በሬውና አህያው በሰንበት እንዲያርፉ ታዘዘ፤ የሚያበራየው በሬ አፉ እንዳይታሰር ተነገረ፤ የጠላት አህያ እንኳ ከሸክሙ በታች ወድቆ ቢገኝ ትቶ ማለፍ ተከለከለ። ሰሎሞን በምሳሌው ጻድቅ የእንስሳውን ነፍስ እንደሚያውቅ፥ የኃጥኣን ምሕረት ግን ጭካኔ እንደ ሆነ አስተምሯል። እግዚአብሔር ዮናስን የጠየቀው የመጨረሻ ጥያቄ ስለ ነነዌ ሰዎች ብቻ አልነበረም፤ ስለ ብዙዎቹ እንስሶቿም ነበር፤ መጽሐፉም በዚያ ቃል ያበቃል። ከመጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ የሆነው ማር ይስሐቅ ርኅሩኅ ልብ ምን እንደ ሆነ ሲያስረዳ፥ ለሰው፥ ለአዕዋፍና ለአራዊት ሁሉ የሚቃጠል፥ የፍጥረትን ጕዳት አይቶ ዕንባውን መግታት የማይችል ልብ ነው ይላል። በገድለ አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ የተነገረውን፥ የተጠማችው ወፍ ከጻድቁ ዐይን እንደ ጠጣች፥ አንበሶችና ነብሮችም እንደ ተከተሏቸው፥ በየቤቱ በተሰቀለው ሥዕል የማያውቀው ምእመን የለም። የጻድቁ ገዳም ያለበት የዝቋላ ተራራ ከዚሁ ከምሥራቁ የከተማችን ክፍል ብዙ አይርቅም፤ በየወሩ በአምስተኛው ቀን በስማቸው የሚዘክረው ሰው በራሱ ግቢ የሚያቃስተውን እንስሳ እንዳልሰማ ቢያልፈው ዝክሩና ሥራው አይስማሙም።

እዚህ ላይ ሊፈራ የሚገባውን ነገር ሳንፈራ ማለፍ አንሻም። «ለውሻ ማሳረፍ ርኅራኄ ከሆነ ለታመመ ሰውስ ለምን አይሆንም?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም፤ በእውነትም ተነሥቷል። በሆላንድና በቤልጂግ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፥ በካናዳም ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሐኪም የታመመውን ሰው በፈቃዱ እንዲሞት የሚረዳበት ሕግ ጸንቶ ይሠራል። በእነዚህ አገሮች የሚኖሩ ልጆቻችን ብዙ ስለ ሆኑ ነገሩ የሩቅ ወሬ አይደለም። ቤተ ክርስቲያን ይህን የማትቀበለው ለሰው ሕመም ስለማትራራ አይደለም። የሰው ሕይወት የራሱ የሰውየው ገንዘብ ስላልሆነች ነው፤ የሕመም አልጋም ለሰው ከሥቃይ በላይ የሆነ ነገር ስላለበት ነው። በዚያ አልጋ ላይ ይናዘዛል፥ ከወንድሙ ይታረቃል፥ ቀንዲል ይቀባል፥ ሥጋ ወደሙ ይቀበላል። በጌታችን ቀኝ የተሰቀለውን ወንበዴ እናስብ። በዚያ ዓርብ ጠዋት አንድ ወታደር አዝኖለት «ከሚሠቃይ ይረፍ» ብሎ በጦር ቢወጋው ኖሮ ሥቃዩ በአጠረለት ነበር፤ ገነት ግን ባመለጠችው ነበር። የዳነው በሥቃዩ ሰዓታት ውስጥ ነው። የሰው የመጨረሻ ሰዓት ምን እንደ ተቀመጠባት ከእግዚአብሔር በቀር የሚያውቅ የለም፤ ስለዚህ ማንም እጁን አያገባባትም። ውሻው ግን የሚናዘዘው በደል፥ የሚታረቀው ባላጋራ፥ የሚጠብቀው ሥርየት የለውም። ልዩነቱ የርኅራኄ ማነስና መብዛት አይደለም፤ የፍጥረቱ ልዩነት ነው። ይህን ልዩነት የሚያደበዝዝ አነጋገር በቤታችን እንዳይለመድም መጠንቀቅ ይገባል። ውሻውን ሐኪም ቤት የሚያመላልሱ፥ በጓዳ የተኙትን እናታቸውን ግን በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ ገብተው የማይጠይቁ ሰዎች ካሉ፥ የእነርሱ ጥያቄ ስለ ውሻ ሳይሆን ስለ እናት ሊሆን በተገባ ነበር።

«ፈጣሪው ይውሰደው እንጂ እኛ ምን አግብቶን» የሚለው አነጋገር ከምእመናን አፍ ብዙ ጊዜ ይሰማል። በላዩ ሲያዩት ትሕትና ይመስላል፤ እኛ ግን ሁልጊዜ ትሕትና አይመስለንም። ጌታችን በሰንበት ስለ መፈወስ ከፈሪሳውያን ጋር ሲከራከር በጕድጓድ ስለ ወደቀ በግና በሬ ጠይቋቸዋል፤ ከመካከላቸው ማንም ቢሆን «ያወጣው ዘንድ የፈቀደ ፈጣሪ ያውጣው» ብሎ በጕድጓዱ አፍ እንደማይቆም የታወቀ ስለ ሆነ መልስ አጡ። ለፋሲካ በግና ዶሮ ባርከን ስናርድም «ይሙት ዘንድ ፈጣሪው ይውሰደው» አንልም። ከኖኅ ዘመን ጀምሮ የእንስሳ ሕይወት ለሰው ምግብ እንዲሆን ተፈቅዷል። ለሆዳችን ብለን ጤነኛውን እንስሳ ማረድ የተፈቀደልን ከሆነ፥ ለእንስሳው ለራሱ ብለን ከማይድን ሕመም ማሳረፍ በምን ሕግ ይከለከላል? ይህን የምንለው እያንዳንዱ ያረጀ ውሻ በመርፌ ይሙት ለማለት አይደለም። ትንሽ ትንሽ እየበላ፥ በፀሐይ እየተኛ፥ ያለ ሥቃይ የሚደክም እንስሳ አለ፤ እንዲህ ያለው አንድ ሌሊት በዐመዱ ላይ እንደ ተኛ ይቀራል። እርሱን ማቻኰል አያስፈልግም፤ ማንም አላስቸገረም።

ይልቅስ በከተማችን የሚታየው ክፉ ነገር ሌላ ነው። ውሻው ሲያረጅ፥ ወይም ቤተ ሰቡ ከግቢ ቤት ወደ ኮንዶሚኒየም ሲዛወር፥ እንስሳውን በመኪና ጭኖ ከጎሮ ወይም ከለገ ጣፎ ወዲያ አውርዶ መመለስ አለ። ያደረገው ሰው አልገደልኩትም ብሎ ራሱን ያጽናናል። ዐሥር ዓመት በአንድ በር ሥር የኖረ፥ ዐይኑ የፈዘዘ፥ ጥርሱ ያለቀ እንስሳ በማያውቀው ሜዳ ላይ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ግን አይፈልግም። የመኪና ጎማ፥ የሌሎች ውሾች መንጋ፥ ረኃብና ጅብ ይጠብቁታል። የጋሪ ፈረስ እግሩ ሲሰበር በአውራ መንገድ ዳር መተዉም የዚሁ ታናሽ ወንድም ነው። ሌሎች ደግሞ መርዝ በሥጋ ለውሰው ይሰጣሉ። ውሻ ለመግደል የኖረው ስትሪክኒን የሚባለው መርዝ እንስሳውን አእምሮው ሳይጠፋ ጡንቻውን እያንቀጠቀጠና እያኮማተረ በመታፈን የሚገድል ነው። ገዳዩ በሩን ዘግቶ ስለ ተኛ አላየም እንጂ ቀላል ሞት አይደለም።

ከሁሉ የሚያሳዝነን ግን ነገሩ በዘበኛው ላይ ሲጣል ነው። ባለቤቱ ወደ ውጭ አገር ይሄዳል፤ በስልክም «እንደምንም ብለህ አስወግደው» ይላል። ዘበኛው ማለት ሌሊቱን ከዚያ ውሻ ጋር አንድ ጋቢ ተጋፍቶ ያነጋ፥ ከራሱ እንጀራ ያጎረሰው፥ ሲታመም መጀመሪያ ያወቀ ሰው ነው። የሐኪም ዋጋ አልተሰጠውም፤ ገመድና ዱላ ብቻ ቀርተውለታል። እምቢ ቢል እንጀራውን ይፈራል። እንዲህ ያለ ጌታ ሁለት በደል ፈጽሟል፤ አንዱ በእንስሳው ላይ ነው፤ የሚበልጠው ግን ራሱ ሊሸከመው ያልወደደውን በድኻ ኅሊና ላይ መጫኑ ነው። የንስሓ አባት ለእንዲህ ያለው ሰው የሚሰጠው ተግሣጽ ስለ ውሻው ብቻ እንዳይሆን እናሳስባለን።

እንግዲህ መቼ ነው? ጠያቂው በእውነት የሚጨነቅበት ይህ ነው፤ ፍርዱም ከዚህ ላይ ይከብዳል። ሰው በዚህ ነገር የሚሳሳተው በሁለት ወገን ነው። አንዱ ፈጥኖ ይሳሳታል፤ ምንጣፉ ስለ ቆሸሸ፥ ሽታው እንግዳ ስላሳፈረው፥ አዲስ ቡችላ ስለ ፈለገ ነው እንጂ እንስሳው ስለ ተሠቃየ አይደለም። ሌላው ዘግይቶ ይሳሳታል፤ መለየቱን ስለሚፈራ እንስሳው መቆም አቅቶት በገዛ ሽንቱ ተኝቶ ሳለ «ዛሬ ትንሽ ይሻለዋል» እያለ ሳምንት ያሳልፋል። የፊተኛው ለራሱ ምቾት ይገድላል፤ የኋለኛው ለራሱ ኀዘን ሲል ያሠቃያል። ሁለቱም የሚመለከቱት ራሳቸውን ነው። ስለዚህ ባለቤቱ አስቀድሞ ሊጠይቅ የሚገባው «ይህ የማን ሕመም ነው፤ የእርሱ ነው ወይስ የእኔ?» ብሎ ነው።

የእንስሳውን ሕመም ማወቅ ግን ቀላል አይደለም፤ ውሻ ሕመሙን ይሸሽጋልና። የሚያለቅሰው ሲብስበት ብቻ ነው። አስተዋይ ሰው ከለቅሶው በፊት ብዙ ያያል፤ የሚወደውን አጥንት አሽትቶ መተዉን፥ የጌታውን መኪና ድምፅ ሰምቶ አለመነሣቱን፥ ተኝቶ ሳለ ትንፋሹ መፍጠኑን፥ አንድን ቦታ ሲነኩት ማጕረምረሙን፥ በሌሊት ግራ ገብቶት በቅጥሩ ዙሪያ መዞሩን። አንዳንድ ሐኪሞች የሚመክሩት ቀላል ዘዴ አለ፤ በግድግዳው የቀን መቍጠሪያ ላይ ደኅና የዋለበትን ቀንና ክፉ የዋለበትን ቀን በልዩ ልዩ ምልክት መጻፍ ነው። ክፉው ቀን ከደኅናው ሲበዛ ዐይን ይከፈታል፤ ሰው በየቀኑ የሚያየውን መባስ አያስተውለውምና። ነገሩን የሚያውቀውም ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ሳይሆን ዘበኛው ስለ ሆነ ምልክቱን እርሱ ቢያደርግ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ግን ሐኪምን አይተካም። እርጅና ብቻውን ሕመም አይደለምና፥ የመጨረሻው ሰዓት ደረሰ ከማለት በፊት የሚታከም ነገር መኖሩን ማስመርመር ግዴታ ነው። የመገጣጠሚያ ሕመም በመድኃኒት ሊታገሥ ይችላል፤ የጥርስ መግል ምግብ ያስተወውን እንስሳ ጥርሱ ሲነቀልለት ይበላል፤ መዥገር የሚያመጣው ሕመምም በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል። ለሰው የሚሰጠውን የሕመም ማስታገሻ ከቤት አንሥቶ መስጠት ግን አይገባም፤ ለሰው የሚበጀው ለውሻ መርዝ ሊሆን ይችላል። በአገራችን የእንስሳት ሕክምና ትምህርት በቢሾፍቱ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል፤ ዛሬ በከተማችን የእንስሳት ሐኪም ማግኘት እንደ ቀድሞው አስቸጋሪ አይደለም። ሐኪሙ የማይድን መሆኑን ከተናገረና ሥቃዩን ማስታገሥ ካልተቻለ፥ ያን ጊዜ ማሳረፍ ተገቢ ነው ብለን እናምናለን። የሚሠራውም የማደንዘዣ መድኃኒትን ከልክ በላይ በደም ሥር በመስጠት ነው። እንስሳው በጥቂት ሴኮንዶች ውስጥ ይተኛል፤ ከዚያ ትንፋሹና ልቡ በደቂቃዎች ውስጥ ይቆማሉ፤ ሲቆሙም አያውቅም።

በእብደት በሽታ የተጠረጠረ ውሻ ነገር ከዚህ ሁሉ የተለየ ስለ ሆነ በአጭሩ እናንሣው። ይህ በሽታ በአዲስ አበባ እንግዳ አይደለም፤ በ1903 እ.ኤ.አ. ነሐሴ ወር በከተማይቱ ውሾች ላይ መነሣቱ በጽሑፍ ተመዝግቧል፤ ዛሬም ሰው ይገድላል። ጠባዩ በድንገት የተለወጠ፥ ለሃጩን የሚያዝረበርብ፥ መዋጥ ያቃተው እንስሳ ሲገኝ በእጅ መንካት አይገባም፤ ለሐኪም መንገር ነው። የተነከሰ ሰው ቍስሉን በሳሙናና በውኃ 15 ደቂቃ ያህል አጥቦ ፈጥኖ ክትባቱን ይጀምር። ጠበሉንም ይጠመቅ፤ ጠበል ግን ከክትባት የሚያስቀር ሆኖ አልተሰጠንም፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላልና መዘግየት ነፍስ ማጥፋት ነው። ደኅና የሚመስለውንም የነከሰ ውሻ በቍጣ ወዲያው መግደል አይገባም፤ አስሮ 10 ቀን መጠበቅ በሽታው የነበረበት መሆኑንና አለመሆኑን ይለያል።

«ሰው በሚራብበት አገር ለውሻ ሐኪም ገንዘብ ማውጣት ጽድቅ ነው?» የሚሉን ይኖራሉ። ተቃውሞው እውነት አለበትና በቀላሉ አንገፋውም። የማይድነውን እንስሳ ወር ከወር በውድ መድኃኒት እያኖሩ በደጅ የቆመውን ነዳይ ባዶ እጁን መመለስ የፍቅርን ሥርዐት ያፋልሳል። ነገር ግን የመጨረሻው መርፌ ዋጋ ከዚህ አይቈጠርም። ዐሥር ዓመት የሌሊት ጥበቃ የሠራ እንስሳ የሚቀበለው ምጽዋት አይደለም፤ ደመወዙ ነው። በሌላ ወገን ውሻን እንደ ልጅ አድርጎ ማቈላመጥም አለ፤ ከሰው ልጅ ፍቅር የሸሸ ልብ በእንስሳ ሲደበቅ ማየት የተለመደ እየሆነ ነው። ለእንስሳ ፍትሐት የለም፤ ተስካርም የለም፤ ሥጋው በቤተ ክርስቲያን ቅጥር አይቀበርም። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅግ የሚወዷት ሉሉ የምትባል ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው፤ ስትሞት የተቀበረችው በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት የአትክልት ቦታ ሲሆን በላይዋም ድንጋይ ቆሞላታል። ለንጉሥ ውሻ እንኳ የተገባው ስፍራ የጌታዋ አትክልት እንጂ ከዚያ ያለፈ አልነበረም፤ ይህም በቂ ነው።

ሰዓቱ ሲወሰን ባለቤቱ ራሱ ቢገኝ መልካም ነው። እንስሳው የማያውቀው ሰው ሲይዘው ይደነግጣል፤ የሚያውቀው እጅ በራሱ ላይ ሲያርፍ ይረጋል። ዘበኛውም መሰናበት ከፈለገ ሊከለከል አይገባም፤ ሊገኝ ካልወደደም አይገደድ። በጾም ወራት ቢደርስ «ሉካንዳው በተዘጋበት በዐቢይ ጾም እንዴት ይሆናል?» ብለው የሚጠይቁ አሉ። ጾም ከሥጋ መብልና ከፈቃደ ሥጋ መከልከል ነው እንጂ ከርኅራኄ መከልከል አይደለም፤ ሁለት ወር ሙሉ እንስሳውን በሥቃይ አቆይቶ ከፋሲካ በኋላ ማሳረፍ ጾሙን አያከብረውም።

ለልጆች እውነቱን መንገር ይሻላል። «ወደ ገጠር ሄደ» ተብሎ የተነገረው ሕፃን ሲያድግ ውሸቱን ያውቃል፤ ወላጆቹ ስለ ሌላው ሞት፥ ስለ ትንሣኤም ሲነግሩት በዚያው ጆሮ ይሰማቸዋል። አርጅቶ ነበር፥ ሕመሙ የማይድን ነበር፥ ሐኪሙ አስተኛው፥ ሞተ ማለት ይበቃል። «በመንግሥተ ሰማያት አገኘዋለሁ?» ብሎ ሕፃኑ ቢጠይቅ፥ ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት ፍጥረት ሁሉ ከጥፋት ባርነት ነፃ መውጣትን እንደሚጠባበቅ ማስተማሩን መንገር ይቻላል። ከዚያ ወዲያ ያልተገለጠልንን ተገልጦልናል ብለን አንጨምርለትም፤ የለም ብለንም ልቡን አንሰብርም።

የቀብሩ ነገር ለጤናም ለጨዋነትም ሲባል በጥንቃቄ ይደረግ። ሬሳውን በጆንያ አድርጎ በወንዝ ዳር ወይም በቆሻሻ ገንዳ መጣል ውኃውንም ጎረቤቱንም ይበክላል። ለማስተኛት የተሰጠው መድኃኒት በሥጋው ውስጥ ስለሚቀርም የበላውን ሌላ እንስሳ ይጎዳል። ግቢ ያለው ሰው ከውኃ ጕድጓድ አርቆ ይቅበር፤ በአያትና በኮተቤ ዳር፥ በየካም ተራራ ሥር ያሉት ጕድጓዱን ከወገብ በላይ አጥልቀው ከዐፈሩ በላይ ከባድ ድንጋይ ይጫኑበት፤ ጅብ ከሁለት ክንድ ያነሰውን ቆፍሮ ያወጣዋል። ግቢ የሌላቸው በኮንዶሚኒየም የሚኖሩት ደግሞ ሬሳው ወዴት እንደሚወሰድ ከሐኪሙ ጋር ቀድመው ይነጋገሩ፤ መርፌው ከተሰጠ በኋላ በደረጃ ላይ ቆሞ መመካከር ለሁሉም ይከብዳል።